ፍርዱን የረገሙና ፍርዱን ያነበቡ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ ደውለው ሲጋብዙኝ «ስለ ኦባማ ኬር ንገረን» ነበር ያሉኝ። ኦባማ ኬር ማለትም በ2010 የወጣው የአሜሪካ የጤና ኢንሹራንስ ሕግ ለአንድ ምሽት የሚበዛ ነገር ስለሆነ ጠበብ አድርጌዋለሁ። ዛሬ የምናገረው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጁን 28 ቀን 2012 በዚህ ሕግ ላይ የሰጠውን ውሳኔ ወግ አጥባቂዎች እንዴት እንደተቀበሉት ነው፤ ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ። የሕጉን ደጋፊዎች የተውኳቸው ብዙ የሚነገርላቸው ስለሌለ ነው፤ ደስ አላቸው፣ በዚያው አለፈ። የተረቱት ወገኖች ግን እርስ በርሳቸው ተከፋፈሉ፣ ተዘላለፉ፣ ተጽናኑ፣ ከዚያም አንዳንዶቹ ብዙ ሰው ልብ ሳይላቸው ውሳኔውን ለራሳቸው ዓላማ ተጠቀሙበት። ከጩኸቱ ሁሉ ይልቅ የእናንተንና የዘመዶቻችሁን ኑሮ የነካው ይህ የመጨረሻው ነውና ወደ እሱ ለመድረስ ትንሽ እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

ከዚያች ሐሙስ ጠዋት ልጀምር። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስ ውሳኔውን በችሎት ማሰማት ጀመሩ፤ የጽሑፉም ቅጂ ለጋዜጠኞች ታደለ። ሐተታው የሚነሣው ኮንግረስ በክፍላተ ግዛት መካከል የሚካሄደውን ንግድ ለመቆጣጠር ያለው ሥልጣን ሰውን «ኢንሹራንስ ግዛ» ብሎ ለማስገደድ አይበቃም ከሚለው ነጥብ ነበር። ሲኤንኤንና ፎክስ ኒውስ እዚያ ድረስ አንብበው ሕጉ ወደቀ ብለው በቀጥታ ሥርጭት አወጁ። ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ የነበሩ የሕጉ ተቃዋሚዎች እልል አሉ። ፕሬዚዳንት ኦባማ ራሳቸው ዋይት ሀውስ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው ይህንኑ የተሳሳተ ዜና ተመለከቱ፤ የሕግ አማካሪያቸው ካትሪን ሩምለር ገብተው ሁለት አውራ ጣቶቻቸውን ወደ ላይ ቀስረው እስኪያሳዩዋቸው ድረስ የተረቱ መስሏቸው ነበር።

አገር ቤት መዝገብ ያገላበጠ ሰው ይህ ስሕተት የሚደርስበት አይመስለኝም። የእኛ ፍርድ ቤቶች ሐተታውን ጨርሰው በስተመጨረሻ «ውሳኔ» የሚል ርእስ ያሰፍራሉ፤ ባለጉዳዩም ጠበቃውም መዝገቡ እጁ እንደገባ መጀመሪያ የሚገልጠው የመጨረሻዎቹን ገጾች ነው። የቴሌቪዥኖቹ ሰዎች ከፊት ጀመሩ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ደረሰባቸው። ይህን የማነሣው ለመሳቅ ብቻ አይደለም። ውሳኔውን ከመጨረሻው ገጽ ማለትም ማን ረታ ከሚለው ብቻ የሚመዝኑ ወግ አጥባቂዎችና፣ ሐተታውን ከፊት ጀምረው የሚያነቡ ወግ አጥባቂዎች በዚያው ቀን ለሁለት ተለያይተዋል።

ስለ ሕጉ ጥቂት ማለት ግድ ነው። ኦባማ የፈረሙት ማርች 23 ቀን 2010 ነው። በሴኔት 60 ለ39፣ በተወካዮች ምክር ቤት 219 ለ212 ሲያልፍ አንድም ሪፐብሊካን ድምፁን አልሰጠውም። በተፈረመበት ዕለት የፍሎሪዳው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ከሌሎች 12 ክፍላተ ግዛት ጋር ሆነው ፔንሳኮላ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ፤ ከሳሾቹ እየበዙ ሄደው 26 ክፍላተ ግዛት ሆኑ፤ የግል ነጋዴዎች ብሔራዊ ፌዴሬሽንም ተጨመረባቸው። የክሱ እምብርት ማንም ሰው የጤና ኢንሹራንስ መያዝ አለበት የሚለው ግዴታ ነበር። የከሳሾቹ ክርክር ሲጨመቅ፣ መንግሥት የሚነግደውን ሰው ሊቆጣጠር ይችላል፣ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠውን ግን ተነሥተህ ግዛ ሊለው አይችልም የሚል ነው። በ1942 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለገዛ ከብቶቹና ለቤቱ ስንዴ ያመረተ የኦሃዮ ገበሬን እንኳ መንግሥት ሊቆጣጠረው ይችላል ብሎ ፈርዶ ነበር፤ የከሳሾቹ መልስ «ያ ገበሬ ቢያንስ ስንዴ ዘርቷል» የሚል ሆነ። ዳኛ አንቶኒን ስካሊያም በማርች 2012 በተደረገው የቃል ክርክር፣ ሰው ሁሉ ምግብ መግዛቱ አይቀርምና እንግዲህ ብሮኮሊ የሚባለውን አትክልት እንዲገዛም ልታስገድዱት ትችላላችሁ ወይ ሲሉ ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ ብሮኮሊ በወግ አጥባቂዎች አፍ የዚህ ሕግ ምሳሌ ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ታሪክ አለ። ሰው ሁሉ ኢንሹራንስ እንዲይዝ ይገደድ የሚለው ሐሳብ ከዴሞክራቶች የፈለቀ አይደለም። በ1989 ያቀረበው የወግ አጥባቂዎች የጥናት ተቋም የሆነው ሄሪቴጅ ፋውንዴሽን ነው፤ በ1993 የሮድ አይላንዱ ሪፐብሊካን ሴናተር ጆን ቼፊ በሕግ ረቂቃቸው ውስጥ አካተቱት፤ በ2006 ደግሞ ሚት ሮምኒ የማሳቹሴትስ አገረ ገዢ ሳሉ ፈርመው ሕግ አደረጉት። ያን ጊዜ «የግል ኃላፊነት» ይባል ነበር፤ ድንገተኛ ክፍል ገብቶ ሳይከፍል የሚወጣ ሰው ወጪውን በሌላው ላይ ይጭናል፣ ስለዚህ ራሱን ይቻል የሚል ሙሉ በሙሉ የወግ አጥባቂ አነጋገር ነው። ሐሳቡ ኦባማ እጅ ሲገባ ነፃነትን የሚገፍ ሆነ። ይህን ግብዝነት ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ እኔ ግን እንዲያ ብቻ አላየውም። የ1989ኙ ጥያቄ ፖሊሲው ይጠቅማል ወይ የሚል ነበር፣ የ2010ሩ ጥያቄ ደግሞ ይህን የማድረግ ሥልጣን የዋሽንግተን ነው ወይ የሚል ነው፤ ሁለቱን ለይቶ መጠየቅም ተገቢ ነው። ችግሩ በ1993 ያን ሁለተኛ ጥያቄ ጮክ ብሎ የጠየቀ ሰው በጣም ጥቂት መሆኑ ነው።

የሥር ፍርድ ቤቶችም ቢሆኑ በፓርቲ መስመር ብቻ አልተከፈሉም። የፔንሳኮላው ዳኛ ሮጀር ቪንሰን በጃንዋሪ 2011 ሕጉን ከነሙሉ አካሉ ሻሩት። በአንጻሩ የስካሊያ የቀድሞ ረዳት የነበሩትና በቡሽ የተሾሙት ጄፍሪ ሳተን፣ እንዲሁም ሬገን የሾሟቸው አንጋፋው ሎረንስ ሲልበርማን በይግባኝ ችሎቶቻቸው ሕጉን አጸኑት። እነዚህ ሁለት ሰዎች በወግ አጥባቂነታቸው የሚጠረጠሩ አልነበሩም። ዳኛ ከሕግ አውጪው መንገድ ገለል ይበል የሚለው የቆየ የወግ አጥባቂዎች ትምህርትና፣ ዳኛ ሕገ መንግሥቱን ከሕግ አውጪው ይጠብቅ የሚለው አዲሱ ትምህርት ሮበርትስ ብዕራቸውን ከማንሣታቸው በፊት ተጋጭተው ነበር።

ወደ ውሳኔው ልመለስ። ሦስት ጭብጦች ነበሩት። በመጀመሪያው ላይ፣ ማለትም በንግድ ሥልጣኑ ላይ፣ ሮበርትስና አራቱ ወግ አጥባቂ ዳኞች በአንድ ሐሳብ ናቸው፤ ኮንግረስ ያልነገደን ሰው ነግድ ሊለው አይችልም። ብሮኮሊው ረታ ማለት ነው።

ሁለተኛው የታክስ ጉዳይ ነው። ሕጉ ኢንሹራንስ ያልያዘ ሰው የሚከፍለውን ገንዘብ «ቅጣት» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ኦባማም በ2009 በቴሌቪዥን ሲጠየቁ ታክስ ነው መባሉን ፈጽመው አልተቀበሉትም ነበር። የመንግሥቱ ተከራካሪ ዶናልድ ቬሪሊ በዚህ ምክንያት አስቸጋሪ ቦታ ላይ ቆሙ። በ1867 የወጣ አንድ ሕግ ታክስ ከመከፈሉ በፊት በፍርድ ቤት ማገድን ስለሚከለክል፣ በመጀመሪያው የክርክር ቀን ክሱ በዚያ ሕግ እንዳይዘገይ ክፍያው ታክስ አይደለም ማለት ነበረባቸው፤ በማግስቱ ደግሞ የኮንግረስን ሥልጣን ለመደገፍ ታክስ ነው ሊሉ ነው። ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ ይህን አይተው፣ ዛሬ ታክስ አይደለም ይሉናል፣ ነገ ተመልሰው መጥተው ታክስ ነው ሊሉን ነው ብለው በአዳራሹ መካከል ፊት ለፊት አነሡባቸው። በመጨረሻ ሮበርትስ ሁለቱንም ተቀበሉ፤ ለ1867ቱ ሕግ ታክስ አይደለም፣ ለሕገ መንግሥቱ ግን ታክስ ነው። ስሙን ትተው ግብሩን አዩ ልበል፤ ቃሉ በሁለቱም ፍቺው ይሠራልና።

ግብሩ ምን እንደሚመስል ከመካከላችን ብዙዎቻችሁ በዓይናችሁ አይታችኋል። በ2015 የግብር ወቅት በመኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚሠራ አንድ ወዳጄ ቅጹን ይዞ ቤቴ መጣ። የ1040 ቅጽ 61ኛ መስመር ላይ ዓመቱን ሙሉ ኢንሹራንስ ነበረኝ የሚል ትንሽ ሳጥን አለ፤ ምልክት ሊያደርግበት አልቻለም። ለዚያ የመጀመሪያ ዓመት ክፍያው 95 ዶላር ወይም ግብር የማስታወቅ ግዴታ ከሚጀምርበት መጠን በላይ ካለው ገቢ አንድ በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ነበር። የእሱ ትርፍ 18 ሺህ ዶላር ስለሆነ 180 ዶላር ወጣበት፤ ከሚመለስለት ገንዘብ ላይ ተቀነሰ። «ባልከፍል ያስሩኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። አያስሩትም፤ ሕጉ ክስ መመሥረትን በግልጽ ይከለክላል፣ ንብረት መያዝንም እንዲሁ፤ የገቢው መሥሪያ ቤት ማድረግ የሚችለው ከተመላሹ ላይ መቀነስ ብቻ ነው። ያን ቀን በዚያች ጠረጴዛ ላይ ያየሁት ሁሉ በሮበርትስ ሐተታ ውስጥ አለ፤ በገቢና በቤተሰብ ብዛት ይሰላል፣ ከግብር ማስታወቂያው ጋር ይከፈላል፣ ግብር የማያስታውቅ ድኻ አይነካውም፣ አያሳስርም። እንዲህ ያለው ነገር ሕግ አውጪው ምንም ብሎ ቢጠራው ታክስ ነው አሉ። አራቱ ተቃዋሚዎች፣ ስካሊያ፣ ኬኔዲ፣ ቶማስና አሊቶ፣ በጋራ በጻፉት የልዩነት ሐሳብ፣ ይህ ሕጉን መተርጎም ሳይሆን እንደገና መጻፍ ነው ሲሉ መለሱ።

ቁጣው እዚህ ላይ ፈነዳ፤ የዚያ ሰሞን ቁጣ ደግሞ ከኦባማ ይልቅ ወደ ሮበርትስ ያዘነበለ ነበር። ሮበርትስን በ2005 ያጩት ጆርጅ ቡሽ ናቸው፤ በሴኔት 78 ለ22 ሲጸድቁ ከተቃወሟቸው 22 ሰዎች አንዱ ሴናተር ባራክ ኦባማ ነበሩ። ስለዚህ የወግ አጥባቂዎቹ ስሜት የገዛ ልጁ የከዳው አባት ስሜት ነበር ብል አልተጋነነም። የራዲዮ አቅራቢው ማይክል ሳቬጅ ዋና ዳኛው ለሚጥል በሽታ የሚወሰድ መድኃኒት አእምሯቸውን ሳይነካው አልቀረም እስከማለት ደረሰ፤ የግሌን ቤክ የኢንተርኔት ሱቅ የሮበርትስ ምስል ያለበትን «ፈሪ» የሚል ካናቴራ ለሽያጭ አቀረበ፤ ያን ጊዜ ነጋዴ ብቻ የነበሩት ዶናልድ ትራምፕም ሮበርትስ አሜሪካውያን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱን እንዲጠሉ አደረጉ ብለው ተሳለቁ። ሴናተር ራንድ ፖል ጥቂት ዳኞች ሕገ መንግሥታዊ ነው ስላሉት ብቻ ሕገ መንግሥታዊ አይሆንም አሉ። የኢንዲያናው ማይክ ፔንስ በዝግ ስብሰባ ውስጥ ውሳኔውን ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት ጋር አመሳስለው ተናገሩ፤ ነገሩ ሲወጣ ይቅርታ ጠየቁ።

ሦስት ቀን ሳይሞላ የሲቢኤስ ጋዜጠኛ ጃን ክሮፎርድ ሮበርትስ መጀመሪያ ከአራቱ ጋር ቆመው ነበር፣ በኋላ ነው የዞሩት ስትል ዘገበች። አንባቢዎችም የልዩነት ሐሳቡን መመርመር ያዙ፤ አራቱ ዳኞች ሕጉን ካጸኑት ወገን የሆኑትን የዳኛ ጊንስበርግን ጽሑፍ «የልዩነት ሐሳብ» እያሉ መጥራታቸው የእነሱ ጽሑፍ በመጀመሪያ የአብላጫው ውሳኔ ሆኖ እንደተረቀቀ ያሳያል የሚሉ ሰዎች ተነሡ። ዘገባው ቁስሉ ላይ ጨው ነሰነሰ፤ ዳኛው በሕግ አምነው ተሳሳቱ ማለትና ከፍርሃት የተነሣ ዞሩ ማለት ለሰሚው አንድ አይደሉምና። ሮበርትስ ግን በውሳኔው ማግስት ዳኞች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ላይ ለማስተማር ወደ ማልታ እንደሚሄዱ ተናግረው፣ ማልታ እንደምታውቁት የማይደፈር የደሴት ምሽግ ናት፣ ጊዜው የተመቸ መስሎኛል ሲሉ ቀለዱ።

ሌሎቹ ወግ አጥባቂዎች ደግሞ ሐተታውን ከፊት ጀምረው ያነበቡት ናቸው። የጋዜጣ አምደኛው ጆርጅ ዊል ወግ አጥባቂዎች ትልቅ ድል አግኝተዋል ብለው ጻፉ፤ ምርጫ መጥቶ ሕጉን ሊሽረው ይችላል፣ የንግድ ሥልጣኑ ገደብ ግን ይኖራል ከሚል እምነት ነው። ቻርልስ ክራውትሃመር የሮበርትስን ልብ ለመረዳት ሞከሩ፤ በአንድ በኩል የሕገ መንግሥት ወግ አጥባቂ፣ በሌላ በኩል የተቋሙ ጠባቂ የሆኑ ሰው ሁለቱን ለማስታረቅ ያደረጉት ብልጠት ነው አሉ፤ እሳቸው ቢሆኑ ግን እንዲያ እንደማይፈርዱ አልሸሸጉም። ማጽናኛውን ያልተቀበሉም ነበሩ። በቡሽ ዘመን በፍትሕ ሚኒስቴር የሠሩት የበርክሌው ፕሮፌሰር ጆን ዩ በአንዱ በር የተባረረው ሥልጣን በሌላው በር ከገባ ገደቡ ምን ፋይዳ አለው ሲሉ ሞገቱ፤ ዛሬ ግዛ ማለት የማይችል መንግሥት ካልገዛህ ታክስ ክፈል ካለ ያው ነው።

በሕግ ደረጃ ዩ የተሻለ ይዘዋል እላለሁ። ይሁን እንጂ ያላዩት ነገር አለ። ሮበርትስ ያስቀመጡት ገደብ የፖለቲካ ገደብ ነው፤ ሕዝቡን ማስገደድ የሚፈልግ ፖለቲከኛ ከእንግዲህ «ታክስ ጣልኩባችሁ» ብሎ በአደባባይ መናገር አለበት። ሕዝቡን ከራሱ የፖለቲካ ምርጫ ውጤት ማዳን የእኛ ሥራ አይደለም የሚለው የሐተታው ዓረፍተ ነገርም የሚናገረው ይህንኑ ነው። በአሜሪካ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም፤ ከ2010 ወዲህ እንዲህ ያለ የግዢ ግዴታ በፌዴራል ደረጃ እንደገና ሲወጣ አላየንም።

ፖለቲከኞቹ «ታክስ» የሚለውን ቃል በደቂቃዎች ውስጥ አነሡት። ሳራ ፔሊን ኦባማ ታክስ አይደለም ብለው ዋሹ አሉ። በዚያ ዓመት ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩት ሮምኒ ካፒቶሉን ከጀርባቸው አድርገው፣ ፍርድ ቤቱ በመጨረሻው የሥራ ቀኑ ያላደረገውን እኔ በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ አደርገዋለሁ ብለው ቃል ገቡ። ግን እሳቸው ራሳቸው በማሳቹሴትስ ተመሳሳይ ክፍያ ጥለው ስለነበር፣ ታክስ ነው ካሉ እሳቸውም ታክስ ጥለዋል ማለት ሊሆን ነው። ጁላይ 2 አማካሪያቸው ታክስ አይደለም አለ፤ ጁላይ 4 ሮምኒ ፍርድ ቤቱ ታክስ ነው ካለ ታክስ ነው አሉ፤ የዎል ስትሪት ጆርናል ርእሰ አንቀጽ ዘመቻቸውን ክፉኛ ነቀፈው። ጁላይ 11 የተወካዮች ምክር ቤት ሕጉ እንዲሻር 244 ለ185 ድምፅ ሰጠ፤ በሴኔት የትም እንደማይደርስ ሁሉም ያውቅ ነበር። ኖቬምበር ላይ ኦባማ ተመረጡ፤ አፈ ጉባኤው ጆን ቤነርም ሕጉ ከእንግዲህ የአገሪቱ ሕግ ነው አሉ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጭብጥ እንምጣ። ሕጉ ከድህነት ወለል እስከ 138 በመቶ ድረስ ገቢ ያለው አዋቂ ሁሉ ሜዲኬድ የሚባለውን የመንግሥት የድኾች የጤና ኢንሹራንስ እንዲያገኝ አዝዞ ነበር፤ እምቢ ያለ ክፍለ ግዛት የቀድሞውንም የሜዲኬድ ገንዘብ ሊያጣ ይችላል። ሰባት ዳኞች፣ ለዘብተኞቹ ብራየርና ኬገን ጭምር፣ ይህ ማስገደድ ነው አሉ። ሮበርትስ በ1987 ከተወሰነ ጉዳይ ጋር አነጻጸሩት፤ ያን ጊዜ ሳውዝ ዳኮታ የመጠጥ ዕድሜን ከፍ ካላደረገች የምታጣው ከበጀቷ ከግማሽ በመቶ ያነሰ ገንዘብ ነበር፣ ሜዲኬድ ግን የአንድ ክፍለ ግዛት አማካይ በጀት ከ20 በመቶ በላይ ነው። ይህ ጭንቅላት ላይ ሽጉጥ መደገን ነው አሉ። መፍትሔውም ማስፋፋቱ ይቀጥል፣ እምቢ የሚል ግን አይቀጣ የሚል ሆነ። በዚያች ጠዋት ይህን ክፍል የዘገበው ሰው ጥቂት ነበር።

አገረ ገዢዎቹ ግን አንብበውታል። ጁላይ 9፣ ከውሳኔው 11 ቀን በኋላ፣ የቴክሳሱ ሪክ ፔሪ ለጤና ሚኒስትሯ ካትሊን ሴቤሊየስ ደብዳቤ ጽፈው አንቀበልም አሉ። ደቡቡ ተከታተለ። የፌዴራሉ መንግሥት ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ሙሉ ወጪውን፣ ቆይቶም 90 በመቶውን ሊከፍል ተዘጋጅቶ ሳለ ነው ይህ የሆነው። ሁሉም ወግ አጥባቂ አገረ ገዢ እንዲህ አላደረገም፤ የአሪዞናዋ ጃን ብሩወር ሕግ አውጪዎቻቸውን ተጋፍጠው አስፋፉ፤ የኦሃዮው ጆን ኬሲክ ደግሞ በገነት ደጅ ቅዱስ ጴጥሮስ የሚጠይቅህ መንግሥትን ስለማሳነስህ ሳይሆን ለድኻ ስላደረግኸው ነው ብለው ለአንድ የሕግ አውጪ ምክር ቤት አባል ተናገሩ። አሁንም አሥር ክፍላተ ግዛት አላስፋፉም፤ ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳ፣ ጆርጂያ፣ ቴነሲ፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ አላባማ፣ ሚሲሲፒ፣ ካንሳስ፣ ዊስኮንሲንና ዋዮሚንግ። ዳላስና አትላንታ ስንት ሐበሻ እንዳለ ለእናንተ አልነግርም።

የዚህ ክፍተት አሠራር ሊስተዋል ይገባዋል። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ከድህነት ወለል በታች ያለውን ሜዲኬድ ይይዘዋል ብለው ስላሰቡ፣ ኢንሹራንስ ለመግዛት የሚሰጠውን ድጎማ የጀመሩት ከድህነት ወለሉ ላይ ነው። ሜዲኬድ በአማራጭ ሲቀር፣ ጆርጂያ ውስጥ ልጅ የሌለው ሠራተኛ ገቢው ከወለሉ በጥቂት መቶ ዶላር ካነሰ ከሁለቱም አጣ። ይበልጥ የሚገርመው የእኛ የዲቪ ሰዎች ነገር ነው። ግሪን ካርድ ይዞ የገባ ሰው አምስት ዓመት እስኪሞላው ሜዲኬድ ስለማያገኝ፣ ሕጉ ገቢው ከወለሉ በታች ቢሆንም ድጎማውን ይፈቅድለት ነበር፤ ይህ እስከ 2025 መጨረሻ ጸንቶ ቆይቷል። እናም የሜዲኬዱ በር ፈጽሞ በተዘጋባቸው ዓመታት አትላንታ ውስጥ ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ ድኻ ድጎማ ሲያገኝ፣ አምስት ዓመቱን ጨርሶ ዜግነት የወሰደው ድኻ ጎረቤቱ ግን ምንም አያገኝም ነበር። ይህን ለሰው ሳስረዳ ተሳስተህ ይሆናል ያላለኝ የለም።

እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢያችን እንኳ ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን የሚለየው የፖቶማክ ወንዝ አምስት ዓመት ሙሉ ድንበር ሆኖ ነበር። ሜሪላንድ በ2014 አስፋፋች፤ ቨርጂኒያ የሪፐብሊካኑ ምክር ቤት እየተከራከረ እስከ ጃንዋሪ 2019 ቆየች። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው በሜዲኬድ ሲታከም፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ያንኑ ገቢ ያለው ወንድሙ አይታከምም ነበር። 

የቀረውን በአጭሩ ልበል። «ሁለተኛ ሮበርትስ አይደገምም» የሚለው ምሬት ዳኛ የሚመረጥበትን መንገድ ለወጠው፤ ትራምፕ በ2016 ከመመረጣቸው በፊት የዕጩዎቻቸውን ስም ዝርዝር በአደባባይ ያወጡት ለዚህ ምሬት መልስ እንዲሆን ጭምር ነው። በ2017 ሕጉን ለመሻር የተደረገው ሙከራ ሴናተር ማኬይን አውራ ጣታቸውን ወደ ታች ቀስረው በሰጡት የተቃውሞ ድምፅ ቢወድቅም፣ በዲሴምበር ሪፐብሊካኖች ክፍያውን ከ2019 ጀምሮ ዜሮ አደረጉት። ይህን በአብላጫ ድምፅ ብቻ ያለፈ የግብር ሕግ ውስጥ ማስገባት የቻሉት ነገሩ የመንግሥት ገቢን የሚመለከት ስለሆነ ነው። ከዚያ ቴክሳስ እንደገና ከሰሰች፤ ገቢ የማያስገባ ታክስ ታክስ አይደለም፣ እንግዲያስ የሮበርትስ ሐተታ መሠረት የለውም አለች። ብልህ ክርክር ነበር፤ በዲሴምበር 2018 አንድ የቴክሳስ ዳኛ ተቀብለውት ሕጉን በሙሉ ሻሩ።

ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ ትራምፕ የሾሟቸው ኤሚ ኮኒ ባሬት ወንበር ላይ ነበሩ። በ2017 ገና ፕሮፌሰር ሳሉ ሮበርትስ ሕጉን ለማዳን ሲሉ ቃሉ ከሚሸከመው በላይ ለጥጠውታል ብለው የጻፉ ሴት ናቸው፤ በዚህም ምክንያት ዴሞክራቶች በሹመታቸው ወቅት አፋጠጧቸው። ጁን 17 ቀን 2021 ፍርድ ቤቱ ከሳሾቹ ክስ ለማቅረብ የሚያበቃ ጉዳት አልደረሰባቸውም ብሎ 7 ለ2 መዝገቡን ሲዘጋ ባሬትና ካቫና ከሮበርትስ ጎን ቆሙ፤ ቶማስም እንዲሁ። በልዩነት የቀሩት አሊቶና ጎርሰች ብቻ ናቸው፤ አሊቶ በ2012፣ በሌላ ክስ በ2015ና አሁን ሕጉ ለሦስተኛ ጊዜ በተመሳሳይ መንገድ መትረፉን በምሬት ጻፉ። 61ኛው መስመርም ሳጥኑም ከ1040 ቅጽ ላይ ከጠፉ ቆይተዋል። የሪክ ፔሪ ደብዳቤ ግን በቴክሳስ አሁንም ይሠራል።